አባባ መረብ፦ በሙት ዓመታቸው ቀን በእድራችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴው አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አብረን ያደግን የተክለ ሃይማኖት ልጆች፣ ከዝዋይና ከመቂ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

አያታችን አባባ ካረፉ ዛሬ ዓመት ሞላቸው። በቀብራቸው ቀን እንድናገር ተነግሮኝ ወረቀቴን ይዤ እንደቆምኩ ድምፄ እንደጠፋ ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን የእድራችን ዳኛ ትከሻዬን ይዘው «ተይው ልጄ፣ ለሙት ዓመቱ ትናገሪያለሽ» አሉኝ። ይኸው ቀኑ ደረሰ። ዛሬም ባለቅስ ታገሱኝ፤ ግን እናገራለሁ።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛው የአባባ ሥራ ነው። ሁለተኛው እዚህ ሰፈር እንዴት እንደመጡ ነው። ሦስተኛው ስለ እጃቸው ነው። «ስለ እጅ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እደርስበታለሁ።

ከሥራቸው ልጀምር። እዚህ ሰፈር አብዛኞቻችሁ አባባን የምታውቋቸው ከደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ሲሰፉ ነው። ልጆቹ «አባባ መረብ» ያሏቸው በዚህ ነው። ግን ስንቶቻችን ጠየቅናቸው? ሐይቅ በሌለበት ከተማ፣ ከአስፋልት ዳር፣ ይህ ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ የማንን መረብ ነው የሚሰፋው ብለን ስንቶቻችን ጠየቅን?

አባባ የተወለዱት ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ነው። ሐይቅ ዳር አላልኩም፣ ሐይቅ ውስጥ ነው ያልኩት። ዝዋይ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በኦሮምኛ ትልቁ ተራራ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። እዚያ የሚኖሩት ዛዮች ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ በደንገል ታንኳ ያደጉ ሰዎች። አባቶች ሲናገሩ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዚያ ደሴት ላይ 70 ዓመት አቆይተዋታል ይላሉ። አባባ ይህን ታሪክ ሲያወሩልን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሰው እንዳይሰማ ሳይሆን፣ ስለ ትልቅ ነገር ሲወራ እንደዚያ ነው የሚወራው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ሐይቁ ሰፊ ነው፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ልጅ ሆኜ «እንግዲያማ አያሰምጥም» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ስስ ውሃ ነው ቶሎ የሚቆጣው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያ የተኛ ውሃ ወዲያው ማዕበል ይሆናል። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪ መረቡን አመሻሹ ላይ ይጥላል፣ ሲነጋጋ ይሰበስባል፣ ነፋሱ ሳይነሳ ከዳር ይደርሳል። በመካከሉ ጉማሬ አለ። ጨለማው አለ። እርጥብ መረብ ሲጎተት መዳፍን የሚከፍለው ገመድ አለ። በአራትና በአምስት ሰዓት ወደብ ላይ ደርሳችሁ ዓሣው ሲራገፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ያያችሁ ሁሉ ሥራው እዚያ የሚጀምር ይመስላችኋል። እዚያ ነው የሚያልቀው።

አባባ በወጣትነታቸው የሚያውቁት ዓሣ በዋናነት ቆሮሶ ነው። አምባዛና ዱባ የሚባሉት ዓሦች ኋላ በሰው እጅ ወደ ሐይቁ የገቡ ናቸው። ስለ ቆሮሶ የነገሩኝን አንድ ነገር ግን ዛሬ ሳልነግራችሁ ከዚህ መድረክ አልወርድም። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የትም አትጥልም። በአፏ ነው የምትይዘው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ እዚያው አፏ ውስጥ ታቆያቸዋለች። ወጣ ብለው ሲዋኙም አደጋ ከመጣ ተሯሩጠው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ትብላ? አፏ ሙሉ ነው! አባባ መረብ ሲሰበስቡ አፏ የተነፋ ቆሮሶ ካገኙ፣ ጠጋ አድርገው አይተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ከነልጆቿ ወደ ውሃው ይመልሷት ነበር። ጓደኞቻቸው ይቆጧቸው ነበር። «አንተ ካልወሰድክ ሌላው ይወስዳታል» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ይለቋታል።

የመረባቸው ዓይንም እንደዚሁ። አራት ጣታቸው ተጋድሞ ካላለፈበት ያንን መረብ ውሃ አያስነኩትም። ትንሹ ዓሣ ሾልኮ እንዲያልፍ ነው። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጣ፣ ቁጥሩ 315 ነው። በዚያን ጊዜ አባባ እዚህ አዲስ አበባ ነበሩ። ሕግ ወጣላችሁ ብዬ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እሰይ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ግን ያን ማታ ከወትሮው በላይ ደስ ብሏቸው እንደነበር አስታውሳለሁ።

እዚህ ላይ እናቶቼ ይመስክሩልኝ። ዓሣ ስትገዙ አባባን ያላማከረ አለ? ዓይኑ ጉድጓድ ከገባና ደመና ከለበሰ ተዉት። ስንጥቡን ግለጡት፤ ቀይ ካልሆነ ተዉት። ሥጋውን በጣት ጫን አድርጉት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ለማንም አታብሉ። ይህን ከአባባ ያልተማረ በዚህ ሰፈር የለም። በዐቢይ ጾም ወቅት ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም ቤታችን ደጅ ይቆም ነበር። የሚበላው ዓሣውን ሊያሳያቸው፣ የማይበላው ሊከራከራቸው። አባባ ከማንም ጋር አልተከራከሩም። «እኔ አጠምዳለሁ እንጂ ስለ ጾሙ አባቶች ያውቃሉ» ይሉ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ይህ ለእኔ ከባዱ ነው።

እናታችን ስታርፍ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አምስት፣ ትንሿ እህታችን ጡት አልጣለችም። አባታችን ከዚያ በፊት አልፏል። አባባ ልጃቸውን ሊቀብሩ ነው ከዝዋይ የመጡት። በሠልስቱ ማግስት ዘመድ ተሰበሰበ። እኛ ጓዳ ሆነን በመጋረጃው ስር እናያለን። እኔን አንዷ አክስት ትውሰድ፣ ወንድሜን ናዝሬት ያለ ዘመድ ይውሰደው፣ ሕፃኗን ጎረቤት ታሳድግ ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የቻለውን ነው ያቀረበው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ግን እኛን ለሦስት ቤት ሲያካፍሉን ወንድሜ እጄን እንዴት እንደጨበጠው አልረሳም።

አባባ እስከዚያ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ብድግ አሉ። «ልጆቹ አይለያዩም። ትምህርት ቤታቸው እዚህ ነው፣ የእናታቸው ቤት እዚህ ነው። እኔ እመጣለሁ» አሉ።

ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከደሴት ወጥተው ከሐይቁ ዳር ካለችው ባቱ ከተማ አልፈው ማደር የማይወዱ ሰው ናቸው። አያታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ብቻቸውን ነበሩ። ጀልባቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። አንድ ጆንያ ይዘው በአውቶቡስ መጡ። ጆንያው ውስጥ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ሁለት ሸሚዝና አራት መረብ። ሐይቁ ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መረቡን ለምን አመጡት ብዬ አንድ ቀንም አልጠየቅኳቸውም። ልጅ ነበርኩ። ካደግሁም በኋላ ለመጠየቅ ፈራሁ።

አዲስ አበባ በረዳቸው። ዝዋይ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ሐምሌና ነሐሴ በገቡ ቁጥር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ከሰል አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ሕፃኗን ጉያቸው ውስጥ አስገብተው ያሞቋት ነበር። ሕፃን አዝለው ገበያ ሲወጡ ሰው እየዞረ ያያቸው ነበር። ሽማግሌ ወንድ፣ በነጠላ ልጅ ያዘለ! እናቶች፣ አንዳንዶቻችሁ ያን ጊዜ ደጃችሁን ከፍታችሁ «ጋሼ፣ ይስጡኝ እኔ ልዘላት» ብላችኋል። እሳቸው ይህንን ውለታ እስከ መጨረሻው ቀን በስም እየጠሩ ይቆጥሩ ነበር።

ሥራ ያገኙት አትክልት ተራ አካባቢ ነው። ያኔ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሳይሄድ እዚሁ ፒያሳ ስር ነበር። ሌሊት በበረዶ ተሞልቶ የሚመጣውን ዓሣ ይገፍፉ፣ ቅርፊቱን ያራግፉ፣ ፊሌቶ ያወጡ ነበር። ክፍያው በኪሎ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ወጥተው፣ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው እኛን ቁርስ አብልተው ትምህርት ቤት ያደርሱናል፤ ከዚያ ተመልሰው ይሄዳሉ። ማታ ራት ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፣ እኔ እዚያው በልቼ ነው የመጣሁ» ይሉ ነበር። ሁልጊዜ በልተው ነው የሚመጡት። እኛም እናምናለን፤ ለምን አናምን?

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አብረዋቸው ሲሠሩ የነበሩ አንድ አባት መንገድ ላይ አገኘሁ። ስለ አባባ አነሳን። «ያንቺ አያት እኮ እዚያ ከሻይ በቀር ምንም አይቀምሱም ነበር። ምሳ እንብላ ስንላቸው ቤት ከልጆቼ ጋር እበላለሁ ይሉን ነበር» አሉኝ። ይህንን ሰምቼ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ቀን ቆሮሶዋ ትዝ አለችኝ።

(እዚህ ላይ ተናጋሪዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየች።)

ይቅርታ። እቀጥላለሁ።

ሦስተኛው ስለ እጃቸው ነው ብያችኋለሁ። የአባባ መዳፍ እንደ አሮጌ ቆዳ ነበር። በቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ላይ ገመድ የቆረጠው ጎድጓዳ መስመር ነበረ። ልጆች ሆነን እስክሪብቶ እዚያ ውስጥ አስተኝተን እንጫወት ነበር፤ ልክክ ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ ሽታው አለ። ዓሣ የሚያርድ ሰው እጅ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት በር ድረስ እጄን ይዘው አደረሱኝ። ክፍል ስገባ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። መምህሩ ምን ሆናችሁ አለ። «ዓሣ ዓሣ ትሸታለች» አለች። መምህሩ ተነስተሽ ኋላ ተቀመጪ አለኝ። ብቻዬን፣ ከመጨረሻው ወንበር። ማታ ቤት ስመለስ ለአባባ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «ከዛሬ ጀምሮ በሩ ድረስ አትምጡ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ አባባ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ ወደ እኛ አይመጡም። ጓሮ ይሄዳሉ። ሎሚ ቆርጠው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያሻሉ፤ ከዚያ በቡና አተላ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና በሎሚ። መዳፋቸው የተሰነጣጠቀ ነው፤ ሎሚ በቁስል ላይ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። እንዲህ ታጥበው፣ ትምህርት ቤት ያደርሱኛል። በሩ ድረስ ግን አይመጡም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው እስክገባ ያያሉ። አራተኛ ክፍል፣ አምስተኛ ክፍል፣ ስድስተኛ ክፍል። ሦስት ዓመት ከመንገዱ ማዶ ቆሙ።

ይህንን ለምን በእናንተ ፊት ተናገርኩ? ለእሳቸው ሳልነግራቸው ስለቀረሁ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ ሳልጠይቃቸው ስለቀረሁ ነው። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ የተመለሰበትን ቀን ብዛት እግዚአብሔር ያውቀዋል። እዚህ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ አያት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እጃቸውን ያዙልኝ። እለምናችኋለሁ።

እነዚያ እጆች ዝም ብለው ተቀምጠው አያውቁም። ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ የሰፈራችን ኳስ ተጫዋቾች፣ እናንተው ናችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁት፣ ጎላችሁ መረብ የለውም ብላችሁ ስታዝኑ ሰሙ። ከዝዋይ ካመጧቸው አራት መረቦች ሁለቱን ቆርጠው፣ በሲባጎ አጠናክረው፣ በሳምንት ውስጥ ሁለት የጎል መረብ ሠርተው ሰጧችሁ። መጀመሪያ ጎል የገባ ቀን መረቡ እንዴት እንደተወጠረ አይተው፣ ከድንጋዩ ላይ ተነስተው አጨበጨቡ። ማን እንዳገባ አላዩም። መረቡን ነበር የሚያዩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሦስታችንን ይዘው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደን፣ በብሔራዊ ቴአትሩ የድንጋይ አንበሳ በኩል አልፈን፣ ፍልውሃ ገላችንን ልንታጠብ እንሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህንን ፍል ውሃ ወደውት ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. እዚህ እንደተቆረቆረች ከትምህርት ቤት ተምሬ ስነግራቸው በጣም ገረማቸው። «ታዲያ ከተማችን በውሃ ምክንያት ነዋ የመጣችው» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አዲስ አበባን «ከተማችሁ» ነበር የሚሏት። ከዚያ ወዲህ «ከተማችን» አሏት።

ከማረፋቸው ሁለት ዓመት በፊት ወደ ዝዋይ ወሰድኳቸው። ሲነጋጋ ወደቡ ላይ ደረስን። አንድ ወጣት አስጋሪ ዓሣውን እያራገፈ ነበር። ቆሮሶዎቹ መዳፍ አይሞሉም። አባባ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ፣ አገላብጠው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ መረቡን ያዙ። ጣታቸውን አስገቡ። ሁለት ጣት ብቻ ገባ። ሦስተኛው አልገባም።

ይቆጡታል ብዬ ፈራሁ። አልተቆጡም። ወጣቱ ራሱ «አባቴ፣ ትልቁ ዓሣ የለማ፣ ምን ላድርግ?» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ቤተሰብ አለው። ሐይቁም ተጨንቋል፤ ውሃው በየአቅጣጫው ለእርሻ ይሳባል፣ የአስጋሪው ቁጥር በዝቷል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ውሃ የሚቀበለው አብያታ ሐይቅ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው ያውቀዋል። አባባ ከአሸዋው ላይ ተቀመጡ። አሮጌ መረብ ጥግ ላይ ተጥሎ አዩ፣ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ግን ተበጣጥሷል። ከኪሳቸው ያቺን የቀርከሃ መስፊያቸውን አወጡ። ለካ ይዘዋት ነው የመጡት! ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ፣ ነፋሱ ተነስቶ ጋቢያቸውን እስኪያራግበው፣ ያንን መረብ ሰፍተው ጨረሱ። ለልጁ ሰጡት። «በዚህ ሞክር» አሉት። መኪና ውስጥ እስክንገባ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሞጆ ስንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እንግዲህ ብዙ አቆየኋችሁ፤ ምሳው ደርሷል። አባባ «ለእኔ በሬ እንዳታርዱ» ብለው ስለነበር ዛሬ የሚቀርበው ዓሣ ነው። ትናንት ማታ ከዝዋይ ነው የመጣው። ያመጣው ያ ወጣት ነው፤ እዚያ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ና ወንድሜ፣ ቁጭ በል፣ እንግዳ አይደለህም። የያዘበትንም መረብ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት። አራቱም ገባ።

አንድ ነገር ብቻ ላሳስባችሁ። ዓሣው ፊሌቶ አይደለም፣ ሙሉውን ነው የተጠበሰው፣ እሾህ አለው። አባባ እሾሁን በጣታቸው አንድ በአንድ ለቅመው፣ ሥጋውን ለእኛ አጉርሰው፣ ጭንቅላቱን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። ስለዚህ ሕፃናቱን ለብቻ አታስቀምጧቸው። ከየአጠገባችሁ አድርጓቸው፣ እሾሁን ልቀሙላቸው።

አባቶች፣ ማዕዱን ባርኩልን።